የወንዛችን ሸርጣን ከየት መጣ?



ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትክል ድንጋይ ላይ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት የመድረሳ ልጆች ቁርኣን ለመቅራት ተሰብስበው ሳለ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ታቅፎ ገባ። በጀሪካኑ ውስጥ ጥቂት ውሃ፣ ሁለት ድንጋይና አንድ ሸርጣን ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጅረቱ በወረዱበት ከድንጋይ ሥር ያገኙት ነው። ልጆቹ ሁሉ ቂርኣታቸውን ትተው ከበቡት። አንዱ ጣቱን ሲሰድ ሸርጣኑ መቆንጠጫውን አነሣ፤ ሳቅና ጩኸት ሆነ።

ሁካታው ጋብ ሲል ጀሪካኑን ያመጣው ልጅ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ በሥዕል ያየሁት ሸርጣን ሁሉ ባሕር ዳር ነው። ባሕር ደግሞ ከእኛ በጣም ሩቅ ነው። ታዲያ ይሄኛው እንዴት አድርጎ እዚህ ተራራ ላይ ወጣ?»

ከኋላ የነበረ ሌላ ልጅ ደግሞ ቀበል አድርጎ፣ «ከእኛ ቤት በታች ባለው ጅረት ግን አንድም የለም። አባባ ድሮ ሞልቶ ነበር ይላል። ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም» አለ።

ሁለቱም ጥያቄዎች የልጅ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን የልጅ ጨዋታ አይደለም። የመጀመሪያው «ከየት መጣ?» ነው፤ ሁለተኛው «ለምን አልተመለሰም?» ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል። አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢከተለን ሁለተኛው ጥያቄ ከሸርጣን አልፎ እያንዳንዳችን ከምንጠጣው ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይረዳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ኢንሻአላህ።

ስሙና ዘመዶቹ

ሸርጣን በአንዳንድ አካባቢ ጎርምጥ ይባላል። በዓረብኛ «ሰረጧን» ነው፤ የሁለቱ ስሞች ዝምድና ለሰሚ ጆሮ የተሰወረ አይደለም። ዓረቦች ካንሰር የምንለውንም በሽታ በዚሁ ቃል ይጠሩታል። የጥንት ሐኪሞች ከእብጠቱ ዙሪያ የሚወጡትን ደም ሥሮች በሸርጣን እግሮች መስለዋቸው ነበርና። በ808 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1405) ያረፉት ግብጻዊው ዓሊም ከማሉዲን አድ-ደሚሪ፣ እንስሳትን በፊደል ተራ በዘረዘሩበት «ሐያቱል ሐየዋን» በተባለው ኪታባቸው ለሸርጣን ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥተውታል።

ሸርጣን አሥር እግሮች አሉት፤ የፊተኞቹ ሁለቱ መቆንጠጫ ሆነዋል። ወደ ጎን ይሄዳል። አጥንቱ ውስጡ ሳይሆን ላዩ ላይ ነው፤ ሲያድግ ልብሱ እንደጠበበው ልጅ አሮጌውን ቅርፊት አውልቆ አዲስ ያበጃል። እግሩ ቢቆረጥ ቅርፊቱን በለወጠ ቁጥር ቀስ በቀስ መልሶ ያበቅላል። ከአንበጣ፣ ከጉንዳንና ከመሰሎቻቸው ጋር እግራቸው መገጣጠሚያ ካላቸውና ላያቸው ቅርፊት ከሆነ ፍጥረታት ወገን ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

«ይበላልን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በዚህ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሐነፊያ ከውሃ እንስሳት ዓሣን ብቻ ይፈቅዳሉ። በሻፊዒያ ዘንድ የታወቀው አቋም ሸርጣን በየብስም በውሃም ስለሚኖር አይበላም የሚል ሲሆን፣ ማሊኪያ ይፈቅዳሉ። ጽሑፋችን ፈትዋ አይደለምና አንባቢ በአካባቢው ያሉትን ዑለማእ ይጠይቅ።

ልጆቿን ለማዕበል የምትሰጠው የባሕር ሸርጣን

የወንዙን ሸርጣን ለመረዳት አስቀድሞ የባሕሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ሸርጣን እናት እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ይዛ ትቆያለች። በአውሮፓ ዳርቻዎች በብዛት የሚገኘው አረንጓዴ ሸርጣን በአንድ ጊዜ ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ ሲፈለፈል የሚወጣው ግን ሸርጣን አይመስልም። እሾህ ያለው፣ ዓይነ ትልቅ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር እጭ ነው። ይህ እጭ ከማዕበሉ ጋር ተንሳፎ ይሄዳል። እንደ ዝርያውና እንደ ውሃው ሙቀት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በላይ በባሕር ላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ቅርፁን ይለውጥና በመጨረሻ ትንሽ ሸርጣን ሆኖ ወደ አንድ ዳርቻ ይጠጋል። ያ ዳርቻ እናቱ ካለችበት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የራቀ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚያ ሁሉ እጮች አብዛኞቹ የዓሣ ቀለብ ይሆናሉ። የሚተርፉት ጥቂቶች ግን ታላቅ ሥራ ይሠራሉ። ትልቁ ሸርጣን ከተወለደበት ድንጋይ ብዙም ሳይርቅ ዕድሜውን ቢጨርስም፣ ልጆቹ ባሕር ተሻግረው ከሌላ አገር ሸርጣኖች ጋር ይቀላቀላሉ። በዚህ ምክንያት በሁለት ሩቅ ዳርቻዎች የሚኖሩ ሸርጣኖች የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። ሊቃውንት ይህን የጂን ትስስር ይሉታል። አንዱ ዳርቻ ቢጎዳ ከሌላው የሚመጡ እጮች ቀስ በቀስ ይተኩታል።

እኛ ሐበሾች ባሕር ሲለያይ ብቻ ሳይሆን ሲያገናኝም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ነጃሺ ምድር የደረሱት ቀይ ባሕርን ተሻግረው ነው። ለሚሻገር ባሕር መንገድ ነው፤ ለማይሻገር ግንብ ነው። በሸርጣንም ዘንድ እንዲሁ ነው።

ይሁን እንጂ ባሕር ሁሉ እኩል መንገድ አይደለም። ጆ ሮማንና ስቴፈን ፓሉምቢ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ የአውሮፓ አረንጓዴ ሸርጣኖች በዋናው ምድር ዳርቻ እጅግ ተራርቀው ሳሉ በጂን ብዙም እንደማይለያዩ አሳይተዋል። በፋሮ ደሴቶችና በአይስላንድ ያሉት ግን ከዋናው ምድር ሸርጣኖች በግልጽ ተለይተው ተገኙ። በመካከል ያለው ጥልቅና ቀዝቃዛ ባሕር እጮቹ በቀላሉ የሚያልፉት አልሆነም። ስለዚህ ዝምድናን የሚወስነው በካርታ ላይ ያለው ርቀት ብቻ አይደለም፤ መንገድ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ሰው መንገድ ሲከፍት

ሰውም ሳያስበው መንገድ ይከፍታል። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ተከፈተ። በቀይ ባሕርና በአካባቢው የሚኖር ሰማያዊ ዋናተኛ ሸርጣን እ.ኤ.አ. በ1898 በግብጽ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ በቱኒዚያ የገቤስ ባሕረ ሰላጤ እጅግ ተራብቶ የዓሣ አጥማጆችን መረብ እየቀደደ አስቸገራቸው። ኋላ ግን አጥማጆቹ ሸርጣኑን ራሱን እያጠመዱ ወደ ውጭ አገር መሸጥ ጀመሩ።

አረንጓዴውም ሸርጣን በመርከብ ተጉዟል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1817 ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 በኬፕታውን አቅራቢያ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1989 አካባቢ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። ከዚያም በ1997 እና በ1998 ኤልኒኞ በተባለው የአየር ለውጥ ወቅት የበረታው የባሕር ፍሰት እጮቹን ወደ ሰሜን ጠርጎ እስከ ካናዳ አደረሳቸው። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ የመጡት ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ መሆኑ የተረጋገጠው በጂናቸው ነው። ሸርጣን ፓስፖርት የለውም፤ የመጣበትን አገር ግን በሥጋው ውስጥ ተጽፎ ይዞ ይዞራል።

ጂን እንዴት ይናገራል?

ይህን ለማስረዳት ከአርማጭሆ ማሽላ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ ገበሬ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ ማሽላ የተቀላቀለበት ዘር አለው እንበል። በየዓመቱ ካመረተው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እፍኝ ብቻ ለዘር ያስቀምጣል። እፍኙ ትንሽ ነውና አንድ ዓመት ቢጫው ያንሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ ሳይገባ ይቀራል። አንዴ ከጠፋ ከራሱ ጎተራ አይመለስም። ዓመታት ሲያልፉ የዚህ ገበሬ ማሳ ሁሉ ነጭ ይሆናል። በማዶ ያለው ገበሬም እንዲሁ ሲያደርግ ኖሮ የእርሱ ማሳ ሁሉ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ግን በየዓመቱ አንድ አንድ ጭብጥ ዘር ቢለዋወጡ ኖሮ ቀለሞቹ ከሁለቱም ማሳ ባልጠፉ ነበር።

ጂንም እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሊቃውንት ከዚህም ከዚያም ወንዝ ሸርጣኖችን ወስደው የአንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር ያስተያያሉ። በተለይ ከእናት ብቻ የሚወረስ አንድ ክፍል አለ፤ ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ አካል ውስጥ ይገኛል፤ የእናቶችን ሐረግ ለመከተል ይመቻል። የሁለቱ ወንዞች ሸርጣኖች ተመሳሳይ ጽሑፍ ከያዙ ይገናኛሉ ወይም ከተለያዩ ብዙ አልቆዩም ማለት ነው። እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ ብቻ የሆነ ጽሑፍ ካለው ደግሞ ለረጅም ዘመን ተቆራርጠው ኖረዋል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ሸርጣኑን መግደል አያስፈልግም፤ የአንድ እግሩ ጫፍ በአልኮል ውስጥ ከተቀመጠ ይበቃል። እግሩን መልሶ እንደሚያበቅል ከላይ ተናግረናል፤ ሱብሓነላህ!

አሜሪካዊው ሊቅ ሰዎል ራይት እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር በሒሳብ አስልቶታል። ከእርሱ ስሌት የተወሰደ አንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ በየትውልዱ በአማካይ አንድ ስደተኛ እንኳ ከአንዱ መንጋ ወደ ሌላው ገብቶ ቢራባ፣ ሁለቱ መንጎች በዕድል ብቻ ጨርሰው ከመለያየት ይድናሉ። ብዙ መሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ይበቃል። ነገር ግን ያ አንዱ የሚያልፍበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ልጆቿን የምታዝለው የወንዝ ሸርጣን

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ሸርጣኑን በጥንቃቄ ከጀርባው ይዤ ገለበጥኩት። ሴት ነበረች። ሰፊውን የሆድ ክዳኗን ፈንጠቅ ሳደርገው ከሥሩ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሸርጣኖች ተንቀሳቀሱ። እግራቸውም መቆንጠጫቸውም የተሟላ ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። ወዲያው መልሼ በውሃው ውስጥ አኖርኳት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚያ ነበር። የወንዝ ሸርጣን በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ እጭ የላትም። እንቁላሎቿ ትልልቅና ጥቂት ናቸው፤ ቢበዙ ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው። ልጆቹ የእጭነቱን ዘመን እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ጨርሰው ሙሉ ሸርጣን ሆነው ይፈለፈላሉ። እናትየዋም እስኪጠነክሩ ድረስ ከሆዷ ሥር ይዛቸው ትዞራለች። ስለዚህ ከባሕር በየዓመቱ የሚወጣ ሸርጣን የለም። የጥንት ወላጆቻቸው በባሕር ይኖሩ እንደነበር ሊቃውንት ይናገራሉ። የዛሬዎቹ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት ጀምሮ የአፍሪካ ወንዞች ተወላጆች ናቸው፤ ጨው ውሃ ሳይነኩ ተወልደው ያድጋሉ፤ ይሞታሉ።

የአገራችን የወንዝ ሸርጣኖች ወገን በሳይንስ ስሙ ፖታሞናውቴስ ይባላል፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «የወንዝ መርከበኛ» እንደማለት ነው። ከዚህ ወገን ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስና ፖታሞናውቴስ ቤራርዲ በናይል ተፋሰስ ይታወቃሉ። በዓለም ላይ ከ1,300 በላይ የወንዝ ሸርጣን ዝርያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በ1,280 ዝርያዎች ላይ የወጣ ግምገማ ከስድስቱ አንዱ ያህል የመጥፋት አደጋ ሊያሰጋው እንደሚችል ገምቷል። ምክንያቱም ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ብቻ ነው።

በሸንተረሩ ግራና ቀኝ

ከጎንደር ከተማ ወደ ትክል ድንጋይ የሚመጣ መንገደኛ ሳያስተውለው አንድ ትልቅ ድንበር ይሻገራል። ይህ ድንበር ሰው ያሰመረው አይደለም፤ አላህ በተራሮች ጀርባ ያበጀው የውሃ መለያ ነው። የጎንደር ከተማ ወንዞች፣ ቀሃና አንገረብ፣ ወደ መገጭ ይወርዳሉ፤ መገጭ ወደ ጣና፣ ጣናም ወደ ዓባይ። የላይ አርማጭሆ ጅረቶች ደግሞ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ቆላ ወርደው ታላቁን አንገረብ ይመግባሉ፤ እርሱም በሱዳን ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱ አንገረቦች ስማቸው አንድ ሆኖ መንገዳቸው የተለያየ ነው።

በአንድ ክረምት፣ በአንድ ደመና ሥር የወረደ ዝናብ ከሸንተረሩ ላይ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይወርዳል። የግራው ጣናን አቋርጦ፣ ጢስ ዓባይን ዘሎ፣ ጎጃምን ዞሮ በካርቱም ያልፋል። የቀኙ በአርማጭሆ ቆላ ወርዶ አትባራን ይይዛል። መልሰው የሚገናኙት ከካርቱም በስተሰሜን፣ በአትባራ ከተማ፣ ናይል ውስጥ ነው። ሰው በጥቂት ሰዓት በእግሩ የሚያቋርጠውን ሸንተረር አንድ ሸርጣን በውሃ ብቻ ልለፍ ቢል ሱዳን ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት ሊኖርበት ነው።

እርግጥ ሸርጣን በየብስም ይራመዳል። ምድሩ በረጠበ የክረምት ሌሊት ከውሃ ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ ሲሄድ ያየ እረኛ አይጠፋም። በአንድ ኮረብታ ሥር ያሉ ሁለት ጎረቤት ጅረቶች በዚህ መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ። ከፍ ያለና ደረቅ ሸንተረርን መሻገር ግን ሌላ ነገር ነው። በደቡብ አፍሪካ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲው ሳቬል ዳንኤልስና ባልደረቦቻቸው በኬፕ ተራሮች የወንዝ ሸርጣኖች ላይ ባደረጓቸው የጂን ጥናቶች፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሸርጣኖች በተለያዩ የተራራ ጅረቶች ውስጥ በጂን ተለያይተው አግኝተዋል። በዚህ ዓይነት ምርምር አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ለሁለትና ከዚያ በላይ የተከፈለበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የባሕሩ ሸርጣን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ዘመድ ሲሆን፣ የተራራው ሸርጣን ከማዶው ጅረት ጋር እንኳ ባዕድ ሊሆን ይችላል።

ተራራም ደሴት ነው

ይህ ነገር በሸርጣን ብቻ የሚታይ አይደለም። ከእኛ ወደ ምሥራቅ ሰማይን ተደግፎ የሚታየው የሰሜን ተራራ ራሱ ደሴት ነው፤ ባሕሩ በዙሪያው ያለው የታረሰ ምድርና ቆላ ነው። ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። በአገራችን ደጋዎች ላይ ብቻ ይኖራል፤ በዓለም ያለው ጎልማሳ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። ናሙና ተወስዶ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የጂን ጥናት ሦስት ወገኖች ተለይተዋል፦ የአርሲና የባሌ፣ የወሎና የሸዋ፣ የሰሜንና የጉና። በእነዚህ መካከል የሚሻገር ቀበሮ እጅግ ጥቂት ነው። በጉና ተራራ የነበሩት ጥቂት ቀበሮዎች ጠፍተዋል። የሚተካቸው ዘመድ በሰሜን ተራራ ቢኖርም መካከሉ እርሻና መንደር ነው።

ዋልያም እንዲሁ ነው። ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የጂኑ ዓይነት እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ እንደዚያ ገበሬ ማሳ ብዙ ቀለም አጥቷል ማለት ነው። የጣና ዓሦችም ከታችኛው ዓባይ ዓሦች የተለዩት የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወደ ላይ የማያሳልፍ ግንብ ስለሆነባቸው ነው። ቀበሮውም፣ ዋልያውም፣ ዓሣውም፣ ሸርጣኑም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ መንገድ የሌለው ፍጥረት ከጠፋ ምትክ አይመጣለትም።

ታዲያ ለምን አልተመለሰም?

ሁለተኛውን ልጅ አባት አገኘኋቸውና ስለ ጅረቱ ጠየቅኋቸው። «ሸርጣን ከድንጋዩ ሁሉ ሥር ነበር» አሉኝ። «ልጆች ሆነን እግራችንን ይቆነጥጠን ነበር። የጀርባ መርጫው መጣ፤ መድኃኒቱን የምንበጠብጠውም መርጫውን የምናጥበውም እዚያው ወንዙ ዳር ነው። አንድ ክረምት ሸርጣኑ ተገልብጦ ሞቶ አየን። ከዚያ በኋላ የለም።»

እዚህ ላይ አንባቢ ያዝልን ያልነውን ነጥብ እናንሣ። ሸርጣን የአንበጣና የመሰሎቹ ወገን ነው። ተባይን እንዲገድል የተሠራ መድኃኒት፣ በተለይ ሳይፐርሜትሪንን የመሰሉት፣ ሸርጣንንም በእጅግ ጥቂት መጠን ይገድላል፤ የነርቭ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነውና። መርዙ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ይሄድ ይሆናል። ሸርጣኑ ግን አይመለስም። የባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ማዕበሉ ከሌላ አገር እጭ ያመጣለት ነበር። ወደዚህ ጅረት ግን ማዕበል አይመጣም። የሚያዝሉ እናቶች ሞተዋል፤ የማዶው እናት ደግሞ ሸንተረሩን አልተሻገረችም።

«ሸርጣን ቢጠፋ ምን ይጎድላል?» የሚል ይኖራል። ሸርጣን የወንዝ ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ የወደቀ ቅጠልና የበሰበሰ ሥጋ ይበላል። ለወፎችና ለሌሎች የወንዝ ዳር እንስሳት ቀለብ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምስክር ነው። ሸርጣን የገደለው ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ ወደ ቤት ይገባል፤ እናት ታበስልበታለች፤ ሕፃን ይጠጣዋል። ሸርጣኑ የተገለበጠበት ቀን ለእኛ የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከቤተሰባችን የሚጠበቀው

የሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ በምድር የሚንቀሳቀሱና በሰማይ የሚበሩ ፍጥረታት እንደ እኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ያስተምረናል። ጅረቱ ውስጥ ያለውም አንድ ማኅበረሰብ ነው፤ ምናልባትም ሌላ ቦታ የሌለ ማኅበረሰብ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ነግረውናል። ሌላውን መጉዳት የተከለከለ መሆኑ ከፊቅህ መሠረታዊ ደንቦች አንዱ ነው። ከወንዙ በታች ያለ ጎረቤትም ጎረቤት ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በየቤታችን እንያዝ።

አንደኛ፣ የጀርባ መርጫ በወንዝ ዳር አይታጠብ፣ መድኃኒቱም እዚያ አይበጥበጥ። ውሃው በዕቃ ተቀድቶ ወደ ማሳው ይወሰድ፤ የመርጫው እጣቢ በተረጨው ማሳ ላይ ይፍሰስ። የመድኃኒቱ ዕቃ ለውሃም ለዘይትም አያገልግል፤ ተበስቶ ይወገድ።

ሁለተኛ፣ በጅረቱ ዳርና ዳር ያለው ሣርና ቁጥቋጦ እስከ ውሃው አፋፍ አይታረስ። መርዝንም አፈርንም የሚያጠልል ወንፊት እርሱ ነው። በእርጥብ ሌሊት የሚሻገር ሸርጣንም የሚሄደው በእርሱ ሥር ነው።

ሦስተኛ፣ እናቶችና እህቶች ልብስ ሲያጥቡ ውሃውን በሳፋ ቀድተው ከጅረቱ ራቅ ብለው ቢያጥቡና እጣቢውን መሬት ላይ ቢደፉ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ልጆችን ከሸርጣን አናስፈራራቸው፣ ድንጋይም አይወርውሩበት። ድንጋዩን አንሥተው ይዩ፣ ይቁጠሩ፣ ድንጋዩን እንደነበረ ይመልሱ። የምንጫቸውን ሸርጣን በየዓመቱ የሚቆጥሩ ልጆች ያሉበት መንደር ውሃው ሲበላሽ ቀድሞ ያውቃል።

በዚያን ዕለት ሁለቱ ልጆች አንድ ሐሳብ አመጡ፤ እናትየዋን ከነልጆቿ ወስደው በባዶው ጅረት ሊለቋት ፈለጉ። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ነውና ደስ አለኝ። ነገር ግን ሁለት ነገር አስረዳኋቸው። መጀመሪያ መርጫ የሚታጠብበት ውሃ ሳይጸዳ እርሷን እዚያ መልቀቅ ለሞት መስጠት ነው። ሁለተኛ፣ ሸርጣንን ከሸንተረር ማዶ ወደ ሸንተረር ማዶ እንዳገኙ ማዘዋወር በብዙ ዘመን የተለየውን ዘር መቀላቀልና በሽታ ማጋባት ሊያመጣ ይችላል። ውሃው ሲጸዳ፣ ከዚያው ተፋሰስ፣ ከቅርቡ ጅረት፣ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቀን እናደርገዋለን አልኳቸው።

ከዓስር ሶላት በኋላ ጀሪካኑን ተሸክመን ወረድን። ልጁ ሁለቱን ድንጋዮች አስቀድሞ በቦታቸው አኖረ። ሸርጣኗ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየች፤ ቀጥላ ወደ ጎን ሄዳ ከድንጋዩ ሥር ገባች። ሁለተኛው ልጅ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ለአባቱ የሚናገረው ነገር ነበረው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባትየው መርጫቸውን ከማሳው ላይ ማጠብ መጀመራቸውን ነገረኝ። ለአንድ ጅረት አንድ ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል። በየትውልዱ አንድ ስደተኛ ይበቃል ላለው ስሌት ግን አንድ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ውሃችንን ንጹሕ፣ ልጆቻችንን አስተዋይ፣ እኛንም አማናችንን ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።